ቀይ ምልክት ያደረግኩበት ቺንጋ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የመመንጠር ሐሳብ የለኝም። ባለቤቴ አላህ ይዘንለትና፣ አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽንም ከየት መጣህ ብለሽ ትመረምሪዋለሽ እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ። ገበያ ላይ የሚያታልሉት እሱን እንጂ እኔን አልነበረም። እሱንም ቢሆን አንድ ቀን ይዤዋለሁ። ጠዋት ደሴ ደርሼ ልምጣ ብሎ መኪናችንን ይዞ ወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ጠፋ፣ ማታ የሸሚዙን እጅጌ ግራሶ አጥቁሮት ተመለሰ። የት ዋልክ ስለው መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሰው አግኝቼ ሳግዝ አለኝ። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጎማ! እኔ የሸተተኝ ሁለተኛ ሚስት ነው። ግራሶው በምንም ሳሙና አልለቅ ሲል በንዴት ሸሚዙን ቀድጄ የመኪና መጥረጊያ አደረግኩት። እስኪሞት ድረስ ያቺን ቀን ባነሳሁበት ቁጥር እየሳቀ ያልፈኝ ነበር።

ከሞተ በኋላ ያችን አሮጌ መኪናችንን መንዳት ተማርኩና የምሸጠውን ጨርቅ ጭኜ ከሐይቅ ከተማ ውጫሌ ገበያ እመላለስባት ጀመር። ዳገት ላይ ብታቃስትም አሳፍራኝ አታውቅም። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ልጄ እርጉዝ ሆና ልትታረስ ቤቴ የመጣችው። ባሏ ሥራው ሩቅ አገር ነው። የሐይቁ ሐኪም የፅንሱ አቀማመጥ ልክ አይደለም፣ ምጥ የጀመራት ዕለት ሳትዘገዩ ደሴ አድርሷት፣ ያለ ኦፕራሲዮን አትወልድም አለን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ። እስከ ደሴ ያለው መንገድ ዳገት ነው። መኪናዋ መሃል ላይ ብትቆምብኝ ልጄን ምን አደርጋታለሁ?

ይህን ጊዜ ነው የሰፈራችን መካኒክ ዘይት ሊቀይርልኝ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እትዬ፣ ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ያውቃሉ ብሎ የጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ሞተሩ ውስጥ የሚዞር ባለጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው፣ ዕድሜው ሲያልቅ ሳይጮህ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል፣ ሲበጠስም ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄድ አለኝ። ኪሎ ሜትሩን አይቶ እንዲነግረኝ ብለው፣ መኪናዋን የሸጠላችሁ ደላላ ቁጥሩን ወደ ኋላ መልሶት ከሆነ ምኑ ይታመናል አለ። ይቺን ብቻ ወዲያው አመንኩት፤ ደላላውን ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም ነበር።

ሌላውን ግን አላመንኩም። ልጄ እርጉዝ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ያሉትን ሁሉ ያደርጋል። መናኸሪያ ወርጄ ሾፌሮቹን ጠየቅኩ። አንዱ ድምፅ ካላሰማሽ አትንኪው አለኝ፣ ሌላው ዛሬውኑ ቀይሪው አለኝና መካኒክ ወንድም እንዳለው ጨመረበት። የሱን ምክርም ከወንድሙ ጋር ተውኩት። በመጨረሻ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ብዬ ወሰንኩ። ቺንጋውን ግን መካኒኩ እንዲገዛልኝ አልፈቀድኩም። ራሴ ደሴ ወጥቼ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ገዝቼ አመጣሁ።

እኛ አገር መኪና ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ ይውላል፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ በእጁ ተቀብሎ ነው የሚወጣ። እኔም በርጩማዬን ይዤ ሄድኩ። መካኒኩ ክዳኑን ፈትቶ በባትሪ አየና መፍቻውን አስቀመጠ። ነገሩ አላማረኝም። ምን ሆነ ልለው ስል ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቷል ተባለና ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ተጠራ። ቅሬ ሲጠራ ሙስሊም ክርስቲያን የለም፣ ሥራ ይቆማል፤ እሱ ወደ ቀብር፣ እኔ ወደ ለቅሶው ቤት መሄዳችን ነው። ሞተሬ ተከፍቶ ልሄድ! መካኒኩ እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል የልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም ከቦርሳዬ አወጣሁና ቺንጋው ላይ ነካ አደረግኩበት። አሮጌ ብሎ የሚሰጠኝ የራሴው መሆኑን አውቃለሁ ብዬ ነው።

ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ጋራዡ ነበር። ስመለስ መካኒኩ ከቀብር ቀድሞኝ ደርሶ መኪናዋን ገጣጥሟታል፤ ኮፈኑ ላይ አንድ የተሰነጣጠቀ ቺንጋ ተቀምጧል። መካኒኩ የእጁን አልቀበልም፣ የቀብር ቀን ነው አለ። ሂሳቡን የማይቀበል መካኒክ አይቼም ሰምቼም ስለማላውቅ ይበልጥ ጠረጠርኩት። ቤቴ ገብቼ ቺንጋውን ከዳር ዳር አገላበጥኩ። ቀይ የሚባል ነገር የለበትም።

በነጋታው በጠዋት ጋራዡ በር ላይ ነበርኩ። ክፈተው አልኩት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ክዳኑን ፈታና ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያለ ሲያዞረው ቀዩ ነጥብ ብቅ አለ። ደሜ ፈላ።

«ይሄ የኔው ነው» አልኩት። «አልቀየርከውም። ልጄን ገደል ልትከታት ነው?»

«አልቀየርኩትም» አለኝ ፊቱን ሳያዞር። «ገና አዲስ ነው፤ ቅርብ ጊዜ የተቀየረ ነው። አያስፈልግዎትም ብልዎት ያምኑኝ ነበር?»

እውነቱን ነው፤ አላምነውም ነበር። ምን ሊደብቀኝ ነው እል ነበር። ሌላ መካኒክ ጋ ሄጄ ደህናውን ቺንጋ አስፈትቼ አስጥለው ነበር። እሱም ይህን አውቆ ነው የሌላ ሰው አሮጌ ቺንጋ አምጥቶ ያሳየኝ፤ እፎይ ብዬ እንድተኛ። የገዙት አዲሱ ቺንጋ ከነእሽጉ ከኋላ ወንበር ሥር አለልዎት፣ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ አለኝ። ያንን ደግሞ አየዋለሁ ብዬ ጎንበስ አልኩና ሳብኩት።

የጠቀለለበት ጨርቅ የባለቤቴ ሸሚዝ ነው። ግራሶው ያልለቀቀው እጅጌ።

እዚያው የመኪናዋ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ደሴ የዋለው ይህንኑ ቺንጋ ሊያስቀይር ጋራዥ ነበር፤ ሞተሩ ተከፍቶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ መካኒኩን እየጠበቀ። ቢነግረኝ የምትሄድ መኪና ምን ያስነካካሃል ብዬ ቤቱን እንደማተራምሰው ስለሚያውቅ በጎማ አሳበበ። ሁለተኛ ሚስት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሷን እጣላታለሁ። አሁን ማንን ልጣላ? መካኒኩ ፊት እንባዬ ወረደ፤ ጠረግኩት፤ በዚያው ሸሚዝ።

ልጄን ምጥ የጀመራት ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከቀትሩ የዙህር ሰላት ቀጥሎ ነው። ከኋላ አስተኛኋት፣ ራሷ ሥር ትራስ አደረግኩላትና ተነሳን። ከሐይቅ ወጥተን ዳገቱን ስንይዝ እንደ ልማዴ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ አልጣልኩም። ያ ረቢ እያልኩ ነዳሁ።

አልሐምዱሊላህ፣ በኦፕራሲዮን በሰላም ተገላገለች። ነርሷ ወጥታ ወንድ ልጅ ነው አለችኝ፤ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሁለቱንም ታጧቸው ነበር ብላ ማን እንዳመጣት ጠየቀችኝ።

«አባቷ» አልኳት።

እንኳን ደስ ያለህ ልትለው ከኋላዬ ፈለገችው። ስታጣው እኔን ከላይ እስከ ታች በጥርጣሬ አየችኝ።