በቀዩና በቢጫው ካሜራ መካከል

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ የመጀመሪያው የልጅ ልጃችን ክርስትና በተነሣበት ዓመት ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። ወሩ ግን ታኅሣሥ ነው። የገና ጾም ነበር፤ ደብረ ብርሃንም ጠዋት ጠዋት ውርጭ ለብሳ ትነሣ ነበር። የፎቶ ቤቴን በር ከፍቼ፣ ሁለት እጆቼን ብብቴ ሥር ወትፌ ቆሜ ሳለሁ አንድ የአንኮበር ቄስ መጡ።

ነገሩ እንዲገባ ከራሴ ልጀምር። ዕድሜዬን የፈጀሁት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ጡረታ ስወጣ ልጄ «አባባ፣ ቤት ቁጭ ብለህ እናታችንን ከምትነዘንዝ» ብላ ካሜራ ገዛችልኝ። «የጀማሪ ነው» አለችኝ። እኔም ጀማሪ ነበርሁና አልከፋኝም። በእሱ ጉርድ ፎቶ፣ ክርስትና፣ የተማሪ ምረቃ እያነሣሁ ዓመታት አለፉ። እኔ አረጀሁ፤ እሱ ግን ጀማሪ እንደሆነ ቀረ።

ቄሱን ከድሮ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ብርዱን ሳያማርሩ ገቡና ተቀመጡ።

«የመጨረሻዋ ልጄ በጥር በተክሊል ታገባለች» አሉኝ። «ታላላቆቿ ሦስቱም በተክሊል ነው ያገቡት። ያነሣቸው ሰው ያመጣልን ግን ጥላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጨለማ ነው፣ ታውቀው የለ። እናቷ ሦስት ልጅ ድሬ አክሊል የደፋች አንዲት ልጅ ግድግዳዬ ላይ የለችኝም እያለች ታለቅሳለች።»

«ፍላሽ ይፈቀዳል፣ አባ?»

«ፍላሹን ከጫማህ ጋር ደጅ ትተወዋለህ።»

እሺ አልሁ። እሺ ማለት ለእኔ ምን ጊዜም ከማሰብ ይቀድማል። ያሰብሁት ቄሱ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት አንድ ክርስትና ጨለማ ውስጥ አንሥቼ ነበር። ፎቶው ሲታተም ሕፃኑም አጥማቂው ቄስም ጤፍ የተበተነባቸው ይመስሉ ነበር። ቤተ ሰቡ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ተቀበለኝ። በኋላ ለሌላ ጉዳይ ቤታቸው ስሄድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አንዱ ዘመድ በስልኩ ያነሣው ነው። ሻይ ግን ሁለት ጊዜ ቀዱልኝ።

ማታ ለባለቤቴ «የቄሱ ልጅ ሰርግ እንደዚያ ከሆነ ፎቶ ቤቱን እዘጋዋለሁ» አልኋት።

«ዝጋው» አለችኝ። «ብቻ ቀን ቀን እዚህ እንዳትውልብኝ።»

እንግዲህ ደህና ካሜራ መግዛት ነው አልሁ። የቱን? የኛ ከተማ ፎቶ አንሺ ሁለት ወገን ነው። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ አንገት ላይ ባለው ማንጠልጠያ ከሩቅ ይታወቃሉ፤ አንዱ ቀይ ጽሑፍ አለው፣ ሌላው ቢጫ። ቀዮቹ የቢጫው ፎቶ ሙሽራን ወባ የያዛት ያስመስላል ይላሉ። ቢጫዎቹ የቀዩ ሙሽራን ቲማቲም ያስመስላል ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያየሁት ሙሽራ ብቻ ነው።

ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ካሜራ የሚመርጠው በካሜራው አይደለም። በጥር፣ ሰርጉ ሲደራረብ፣ ባትሪ ሲያልቅብህ ወይ ሌንስ ሲጎድልህ ማን ያውስሃል ነው ጥያቄው። የቀዩ ለቢጫው አይገጥምም። ስለዚህ ካሜራ መረጥህ ማለት በጥር የማንን ደጅ እንደምትጠና መረጥህ ማለት ነው።

ለእኔ ደግሞ የነበሩኝ ሁለት ደጆች ናቸው። ቢጫው የአማቼ ነው፣ የልጄ ባል፤ እሱም ፎቶ አንሺ ነው። ቸር ሰው ነው፣ ይሰጣል፤ ግን ሜሞሪ ካርድ ሲያውሰኝ እንኳ ስለ ካርድ ግማሽ ቀን ያስተምረኛል። ቀዩ ከእኔ ሁለት በር ወዲያ ያለ ፎቶ ቤት ነው። የኔም የጀማሪ ካሜራ ቀይ ነው፤ እንደ ሕጉ ከሆነ ወገኔ እሱ ነው። ችግሩ ከዚያ ጎረቤቴ ጋር ከተነጋገርን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር።

የተጣላነው በኬክ ነው። አንድ ሰርግ ላይ እሱ በሙሽራው ወገን፣ እኔ በሙሽሪት ወገን ተጠርተን ስናነሣ ኬክ ተቆረሰ። አልበሙ ሲወጣ ኬኩ ባለበት ቦታ የእኔ ራሰ በራ ነው የሚታየው፤ ሙሽሮቹም ቢላዋ ይዘው ወደ እሱ ያዘነበሉ ይመስላሉ። ጎረቤቴ ይህንን ለከተማው ሁሉ አሳየ። እኔ ቦታዬ ላይ ነው የቆምሁት ብዬ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ፤ ቦታዬ የት እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በዚህ መካከል አማቼ አዲስ አበባ ካሜራ ሻጭ ዘንድ ወሰደኝ። ሻጩ አንድ ትንሽ ካሜራ እጄ ላይ አስቀመጠና «ይሄ መስታወት የለውም» አለኝ።

«ለምን? ወድቆ ነው?»

«አይ አባቴ፣ ውስጡ መስታወት ያለው የድሮው ነው፤ ይሄ ሲሠራም የለውም። አዲሱ እንደዚህ ነው።»

ዋጋውን ነገረኝ። ዕቃ በጎደለው ቁጥር የሚወደድ ነገር ያኔ ገና አየሁ። ከዚያ «ምን ምን ሌንስ አለዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ካሜራው ሲገዛ አብሮት የመጣው አንዱ ብቻ ነው አልሁት። «እንግዲያው ነፃ ነዎት፤ የፈለጉትን መግዛት ይችላሉ» አለኝ። እኔ የፈራሁት ይህንኑ ነው። ከአንዱ ወገን የሚያስረኝ ሌንስ ቢኖረኝ በወደድሁ። ሳልገዛ ወደ ቤት ስንመለስ አማቼ መንገዱን ሙሉ ስለ ቢጫው እየነገረኝ እኔ ገና ከአዲስ አበባ ሳንርቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የገና ሰሞን አማቼ የራሱን ደህና ሌንስ ይዞ መጣ። «አባባ፣ እስቲ ይሞክሩት» አለኝ፤ እንደማይገጥም ግን እሱም ያውቃል። አዞርነው፣ ገፋነው። የሰው ጥርስ አፍ ውስጥ እንደማስገባት ነው። «አዩ?» አለኝ ደስ ብሎት። «ስለዚህ ካሜራውን ይቀይሩ።»

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቀን ጎረቤቴ ሱቁን ትቶ ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ከዓይኔ እስኪሰወር ጠበቅሁና ገባሁ። ሚስቱ ፎቶ እያተመች ነበር። ማተሙም፣ ጉርድ ፎቶውም፣ ደንበኛ ማባበሉም የእሷ ነው፤ እሱ ሰርግ ብቻ ነው።

«ጋሼ» አለችኝ፣ ትናንት የተለያየን ያህል። «በሩ ጠፍቶብዎት ነው?»

የመጣሁበትን ነገርኋት። ጨለማውን፣ ፍላሹን፣ ጤፍ የተበተነበትን ክርስትና፣ መስታወት የሌለውን ሁሉ። እስክጨርስ ሰማችኝና «ካሜራዎን ያምጡ» አለች። ከመሳቢያ አንዲት አጭር፣ ቀላል ሌንስ አወጣች፤ የኔ ካሜራ ላይ ቀጭ ብላ ገጠመች። መብራቱን አጠፋችው፤ በሩንም ገርበብ አደረገችው።

«እኔን ያንሡኝ።»

«በዚህ ጨለማ?»

«ይቺን ቁጥር እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጓት። ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ በር ይሰፋል፣ ብርሃን ይገባል። አሁን ያንሡ።»

አነሣኋት። በካሜራው መስኮት ላይ አየሁት። ጉንጯ ላይ ያለች ትንሽ ጠባሳ ሳትቀር ወጥታለች፤ ሁለት በር አጠገቧ ስውል ጠባሳ እንዳላት አላውቅም ነበር።

«የካሜራ ችግር የለብዎትም» አለችኝ። «የኔም ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ በዚቹ ነው የሚያነሣው። ትልቁን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ለሰው ነው። ብቻ ይቺ ሩቁን አትጎትትም፤ መቅረብ ካሻዎ በእግርዎ ነው።»

«በቅዳሴ መሀል እንዴት እቀርባለሁ?»

«አስቀድመው ቀርበው ይቁሙ እንጂ።»

ይህን ስትል በሩ ተከፈተና ጎረቤቴ ገባ። በጨለማ ሚስቱንና እኔን አየ፤ ከዚያ ካሜራዬን፣ ከዚያ የራሱን ሌንስ። መብራቱን አበራው።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኛ ቤት ኬክ የለም» አለኝ።

«ለሌንስ ነው የመጣሁት።»

«አይቻለሁ። ሲያነሡ ግን ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፤ አንኮበሮች አክሊሉን ነው ማየት የፈለጉት።»

ሚስቱ ሳቀች፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ሌንሷን በጨርቅ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረቻት። እሱም በሩን ከፈተልኝ።

የሰርጉ ለት በሌሊት ሄድሁ። አንኮበር ጉሙ ከቆላው ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሸፍኖት ነበር፤ ውስጡ ጧፍና የበር ብርሃን ብቻ ነው። ቄሱን አክሊሉ የት ላይ እንደሚደፋ ጠየቅኋቸው፤ በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ርቄ ምሰሶ ተደግፌ ቆምሁ። ቦታው እንዳይወሰድብኝ ብዬ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንቅንቅ ሳልል ሰማሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀንቶኝ አስቀድሼ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን በመቋሚያ ደግፈው «እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሰው ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ምሰሶዬን ይበልጥ ተደገፍሁ።

አክሊሉ ሲደፋ ብዙ አነሣሁ፤ ቤት ገብቼ ስመለከታቸው ደህና የወጡት አራት ናቸው። አራቱ ግን ጥላ አይደሉም፤ ልጅቷ ናት።

ትልቁን አስፍቼ በፍሬም አድርጌ እናቷ ቤት ወሰድሁት። ወደ በሩ ይዛው ሄደች፣ ወደ ብርሃን። እኔ የስልክ ፎቶ ቀድሞ ተሰቅሎ እንደሆነ ብዬ ግድግዳውን ማየት ጀመርሁ።

«አክሊሉ ትንሽ ዘሟል» አለች በመጨረሻ።

«አባቷ ናቸው የደፉት» አልሁ።

«እሳቸውማ መቼ ነገር አቅንተው ያውቃሉ» አለችና ምስማር ፈለገች።

ፎቶ ቤቱ አልተዘጋም። ቆይቶ ከጀማሪው የተሻለ ካሜራ ገዛሁ፣ አሮጌ፣ ቀይ። አማቼ ተቀይሞኝ ከርሟል። ወጣቶቹ ቀዩን ለምን መረጡ ሲሉኝ ቀለሙ ደስ ይለኛል እላለሁ፤ እነሱም አዎ፣ ቆዳ ላይ ያምራል እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እውነቱን ለመናገር ስለ ቀለም አንድም የማውቀው የለም። ያን ጥር የተሻገርሁት ሁለት በር ወዲያ ባለችው፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ባላት በጎረቤቴ ሚስት ነው።