የማርቆስ አባት ቢጫ ሄልሜት

ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ ጅልነቴን ራሴ ልናገር። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ በሄልሜት ቀንቼ፣ አብሮ አደጌ ማርቆስን የሟች አባቱን ፎቶ አሥር ቀን ደበቅኩት።

በኮሮና ጊዜ ደቡብ አፍሪካ፣ ዲፕስሉት ሰፈር ያለችው ስፓዛዬ፣ ትንሿ ሱቄ፣ ፐርሚት የላትም ተብላ ተዘጋች። ሥራ ስፈታ፣ የፍሪጁን እግር ያስደገፍኩበትን ወፍራም መጽሐፍ መዝዤ ማንበብ ጀመርኩ። የአንድ ትልቅ የእንግሊዝ ሕንፃ ሠሪ ኩባንያ ታሪክ ነው፤ አያትየው በአናጺነት ጀምሮ፣ ልጁ ወደብ፣ የልጅ ልጁ ግድብ እየሠራ ዓለምን ያዳረሰ ቤተሰብ። ገጹ እርጥብ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል፤ ሽታው ይዞኝ ሄዶ ሆሳዕና አጠገብ፣ እንግሊዞቹ ድልድይ የሠሩበት ወንዛችን ዳር ጣለኝ።

የጎረቤታችን የማርቆስ አባት፣ አቶ ሻሜቦ፣ የኩባንያው ግሬደር ነጂ ነበሩ። አሮጌ ሄልሜታቸውን ለማርቆስ ሰጡትና እሱ በዚያ ሄልሜት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ቸርች ውስጥ ሳይቀር ደፍቶት ይዘምራል። የኔ አባት ለዚያው ድልድይ በአህያ ድንጋይ የሚያመላልስ፣ አመሻሽ ላይ አቧራውን ይዞ ሲገባ በማስነጠሱ ሰፈሩን የሚያናውጥ ሰው ነበር፤ በኮሮና ጊዜ ቢሆን ፖሊስ ይጠራበት ነበር። ለአህያ ነጂ ደግሞ ሄልሜት የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ቅል ለሁለት ሰንጥቄ፣ የእናቴን እርድ በውሃ በጥብጬ ቀባሁትና ደፋሁት። ዝናብ መጣ። ፊቴ ቢጫ ሆኖ ሰነበተ፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰርም የወፍ በሽታ ነው ብሎ በመርፌ ወጋኝ።

ገጹን ስገልጥ የድልድያችን ፎቶ ብቅ አለ። አቶ ሻሜቦ ሄልሜታቸውን ደፍተው፣ እንደ ሙሽራ ኮርተው ከእንግሊዙ ኢንጂነር ጎን ቆመዋል። አባቴን በማጉሊያ ፈለግኩት። ያገኘሁት የአንድ አህያ ጆሮ ብቻ ነው፤ የኛ ትሁን የሌላ ሰው አላውቅም።

ማርቆስም እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ የሚባል ሰፈር ሱቅ አለው፤ የአባቱ አንድም ፎቶ እንደሌለው ስንቴ ነግሮኛል። እኔ ግን፣ ያ ሁሉ ሄልሜት አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ አባቴ መጽሐፍ ላይ ወጡ ሊለኝ ነው ብዬ፣ መልሼ ፍሪጁ ሥር ሸጎጥኩት። በአሥረኛው ቀን ሱቄ መዘጋቱን ሰምቶ ዱቄትና ዘይት በታክሲ ላከልኝ። አፈርኩ። አባቶቻችን ሁለቱም የሉም፣ የመጽሐፉ መጨረሻ እንደሚለው ኩባንያውም ተሽጧል፤ ከዚያ ሁሉ ሳይሸጥና ሳይሞት የቀረው የኔ ቅናት ብቻ ነው። ፎቶውን በስልክ ላኩለትና ደውዬ መደበቄን ተናዘዝኩ።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«አንተ ቂል፣ አባባ እኮ ካምፕ ነበር የሚያድረው፤ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ሄልሜቱን የማላወልቀው ጠረኑ እንዳይጠፋብኝ ነው። ያንተ አባት ግን ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ሲያስነጥስ በአጥሩ እሰማለሁ። ይኸው ለሱ አባቱ መጣለት እያልኩ ስቀና ነው ያደግኩት።»