የአያ ሰይድ ፋኖስ

የልጅ ልጄ ባለፈው አርብ ስልኩን እየነካካ «እማዬ፣ ዓለም በምን እንደሚሻማ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ብርቅዬ ማዕድናት የሚባሉ አሉ አሉ። የኤሌክትሪክ መኪናው ሞተር ያለ እነሱ አይሠራም፣ ፋብሪካው ሁሉ ይፈልጋቸዋል፣ የሚያወጣቸው አገር ግን ጥቂት ነው። «ሴሪየም በሚባለው የስልክ መስታወት ይወለወልበታል። ድሮ ደግሞ እየተነፋ በሚበራው ፋኖስ ውስጥ፣ አመድ መስላ ብርሃኑን በምትሰጠው ጨርቅ ላይ ነበረ» ሲል ፊቴ ጋለ። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ!

ጊዜው ደርግ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ወደ አምባሰል ከተዳርኩ ገና ወር አልሞላኝም። በእኛ ዘንድ ሙሽራ አማቷ ፊት ድምጿን አታሰማም፤ የምለው ሲኖረኝ ለባሌ እህት ለዘሀራ በጆሮዋ ነበር የምነግራት። አፍ ስለሌለኝ እጄን አሳያለሁ። ድስቱን ስፈትግ፣ ቤቱን ስጠርግ «ማሻ አላህ፣ ሙያዋ!» ሲሉ መስማት እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

መውሊድ ደረሰና አማቴ ለዱዓ አገሩን ጠራ። ፋኖሱን ያመጣው አያ ሰይድ ነው። እስላም ክርስቲያን ሳይል ለየድግሱ ፋኖሱን እያከራየ ልጆቹን የሚያሳድግ የሐይቅ ከተማ ሰው ነው። መኪና ያንገጫግጨዋል ብሎ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቀ በእግሩ መጣ። ምን እንዲህ እንዳሳሳው አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅስ በየት አፌ? ጓዳ አስቀምጦት የአስርን ሶላት ሊሰግድ ወጣ።

ጓዳው ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ወጡ ይንተከተካል። ፋኖሱን አየሁት። መስታወቱ ጠቁሯል፤ ውስጡ አመድ የመሰለች ብጣሽ ጨርቅ ተንጠልጥላለች። «ይህን ቆሻሻ ይዞ ሰው ቤት ይመጣል እንዴ?» አልኩ በሆዴ። መስታወቱን አውልቄ አጠብኩ። ጨርቋን ላጥባት ስነካት እጄ ላይ ብን አለች። በስብሳ ነው ብዬ ትርፍራፊዋን ጠራርጌ መስታወቱን ገጠምኩ። አቤት ሲያምር!

መሸ፣ እንግዳው ሞላ። አያ ሰይድ ነፋ፣ ነፋ፣ ክብሪት ጫረ። ነበልባሉ ቱግ ብሎ ቤቱን ጭስ ሞላው። አጎንብሶ አየና «ወላሂ፣ ጨርቋ ስመጣ ደህና ነበረች» አለ።

«አገሩን ጠርቼ አዋረድከኝ!» አለ አማቴ። «ሁለተኛ የዚህን ሰው ፋኖስ የሚከራይ እንዳላይ!»

በዚያን ጊዜ ሱቁ ሁሉ ባዶ ነው፤ የዚያች ጨርቅ ምትክ ደሴም አይገኝም። በዚያ ላይ ስሙ ከጠፋ የልጆቹ ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። ዘሀራን ብፈልጋት ውጭ ናት። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ድምፄ ሳላስበው ወጣ፦

«እሱ አይደለም! እኔ ነኝ፣ አጥቤው ነው!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አማቴ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ያፈርኩት በጨርቋ ይሁን በድምፄ እስካሁን አልለየሁትም፤ ብቻ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዱዓው በኩራዝ ተደረገ።

አያ ሰይድ ስሙ ተረፈለት። ፋኖሱ ግን ጨልሞ ቤቱ ተሰቅሎ ቀረ፤ እሱም መናኸሪያ ሸክም ገባ። እናቴን ልጠይቅ በሐይቅ ሳልፍ፣ ነጠላዬን ስቤ ልሸሸው ስል፣ ጆንያ እንደተሸከመ «ሙሽሪት! ዛሬስ ምን አጠብሽ?» ይለኛል እየሳቀ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የልጅ ልጄ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ገበያው ማውራቱን ቀጥሏል። እኔ የማስበው የአያ ሰይድን ትከሻ ነው።

«እማዬ፣ ያቺን ጨርቅ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«አጥቤያታለሁ» አልኩት።