በሰይድ ሞተር ሥር ያሉት አራት ጎማዎች

ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከደሴ መናኸሪያ ስነሳ የያዝኩት አንድ የመፍቻ ቦርሳ፣ የባለቤቴን የዘሀራን ቀይ የጥፍር ቀለምና ለሦስት ሰው የሚበቃ ፍርሃት ነበር። የጥፍር ቀለሙን ሳላስፈቅድ ነው ያነሳሁት። ፍርሃቱ ግን የራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘሀራ ታናሽ ወንድም ሰይድ ዓረብ አገር ስምንት ዓመት ሠርቶ ወደ ሐይቅ ከተማ ተመለሰ። ሌላው ሰው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ይዞ ሲመጣ እሱ ጄት ስኪ የሚሏትን የውሃ ላይ ሞተር ሳይክል ይዞ መጣ። ያውም ተቀምጠው የሚነዷትን አይደለም፤ ቆመው የሚነዷትን፣ ከውሃው ዘላ አየር ላይ የምትገለበጠዋን። ስትዘል ያየ ሁሉ አፉን ይከፍታል። እኔ መካኒክ ስለሆንኩ የማየው ስትወርድ ነው። ሞተሯ ሆዷ ውስጥ በአራት ጎማዎች ላይ ተቀምጧል፤ ጋራዥ ውስጥ ሱፖርት እንላቸዋለን። በወደቀች ቁጥር የሞተሩን ክብደት የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ከተበጠሱ ሞተሩ ከቦታው ይነሳል፣ ዘንጉ ይጣመማል፣ የፋይበር አካሏ ይሰነጠቃል። ያ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ሐይቁ መሀል ላይ ነው።

ከወር በፊት ከፋብሪካ የመጡት ሱፖርቶች ተሰነጠቁ። ምትካቸው ከውጭ እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል ተባለ። እኔም ሰው በተሰበሰበበት ደረቴን ነፍቼ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ አራት ቆርጬ ሠራሁለት። "የልጅ ልጆችህ ይዘሉበታል፤ ሞተሩ ያልቃል እንጂ ይሄ አያልቅም" አልኩት። ሐሙስ ዕለት ግን ከዚያው ጎማ ቆርጬ ለአንድ ገበሬ የውሃ ፓምፕ የሠራሁት መያዣ እጄ ላይ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ቅዳሜ ደግሞ የሰይድ ጓደኛ የጀማል ሠርግ ነው። ሙሽሮቹ ለፎቶ ሐይቁ ዳር ሲመጡ ሰይድ ሊዘልላቸው ቃል ገብቷል።

ስልክ ደወልኩለት፤ ሳቀብኝ። መብቱ ነው። አምና "ሐይቁ ውስጥ አዞ ታይቷል" ብዬው አራት ቀን ውሃ ሳይነካ ከርሟል። ስዋሽ የሚያምነኝ ሰው እውነት ስናገር ሆዱን ይዞ ይስቃል። ስለዚህ በአካል መሄድ ነበረብኝ።

ከደሴ ወደ ሐይቅ

ሚኒባሱ አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል ይባላል። እኔ እስከ ሃያ ሁለት ቆጥሬ ተውኩት፤ ዶሮዎቹን አልጨመርኩም። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተጋብቶ ነው ቦሩ ሜዳን ያለፍነው። መንገዱ ሲጠማዘዝ ያን የተላጠ የፓምፕ ጎማ ከኪሴ አውጥቼ እያገላበጥኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ጎማውንም ፊቴንም ሲያዩ ቆዩና፣ "አብሽር ወንድሜ፤ ሆስፒታል ነው የምትሄድ?" አሉኝ።

"ሠርግ ነው" አልኳቸው።

"ሠርግ እንዲህ ያስፈራል? ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?"

በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ መልስ አላጣም ነበር፤ አዲሷ ሙሽራዬ እርስዎ ነዎት እላቸው ነበር። ጎማውን ወደ ኪሴ መለስኩት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሐይቁ በቀኝ በኩል ብቅ አለ፤ ጸጥ ያለ ሰማያዊ ውሃ። ጸጥታው ራሱ አስጠላኝ።

ሐይቅ ከተማ ወርጄ በባጃጅ ወደ ውሃው ዳር ሄድኩ። ሰይድ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ለብሶ ጄት ስኪዋን ያጥባል። ሠላሳ ዓመቱን አልፏል፤ ትከሻው የበር መቃን ያህላል።

"ጋሼ፣ አዞው የት ደረሰ?" አለኝ ገና ሳልጨብጠው።

የፓምፑን ጎማ አሳየሁት። ያንተም ከዚሁ የተቆረጠ ነው፣ ነገ አትዝለል አልኩት። ጎማውን አየና መለሰልኝ። ገበሬው ፓምፑን በድንጋይ ሲደበድብ ነው የተላጠው ብሎ ተከራከረ።

"ሰይድ፣ ወላሂ የምሬን ነው።"

"ለአዞውም ወላሂ ብለህ ነበር።"

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ተስማማን። የሞተሩን መክደኛ ከፈትን፤ ጎማዎቹን በያዙት በስምንቱም ቡሎኖች ራስና በሥራቸው ባለው ብረት ላይ በዘሀራ ቀለም ቀጥ ያለ ቀይ መስመር አሰመርኩ። ቡሎኑ ጥቂት እንኳ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። ሰይድ ሳይዘል አንድ ዙር ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ስመለስ አብረን እናያለን። መስመሩ ከተሰበረ አይዘልም። እኔ ደግሞ እስከዚያ ውጫሌ ደርሼ የተሻለ ጎማ እፈልጋለሁ። በልቤ ጥፋቴ በሌላ ጎማ የሚሸፈን መስሎኝ ነበር።

ውጫሌ

ወደ ውጫሌ የሚወስደኝን መኪና ስጠብቅ የአሳ ጥብስ ልበላ ብዬ ዋጋ ጠየቅኩ። ሲነግሩኝ አሳው ዓረብ አገር ደርሶ የተመለሰ መሰለኝ። ደግሞም አልተዋጠልኝም፤ በእያንዳንዱ ጉርሻ ሰይድ ሲሰምጥ ይታየኛል። ከዚያ በኋላ በግራ የአምባሰል ገደሎች እንደ ተደረደረ ግንብ ተከተሉን። ሹፌሩ በአምባሰል ቅኝት የሚያንጎራጉር ካሴት ከፍቷል። ለጭንቀቴ ተብሎ የተዜመ ነው የሚመስለው።

ውጫሌ ገበያ ውስጥ አባባ አበጋዝ የሚባሉ በረባሶ ሠሪ አሉ። ከመኪና ጎማ ጫማ ሲቆርጡ ዕድሜያቸው አልቋል፤ ጎማ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም ይባላል። ጥላ ሥር ተቀምጠው ቢላዋ ይስላሉ። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ዘይት የማይበላው አራት ቁራጭ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

"ለምን ዓይነት እግር ነው?"

"ለሞተር ነው አባባ።"

"ሞተሩ ይራመዳል?"

"ሰው ጭኖ ውሃ ላይ ይዘላል።"

ቢላዋውን አስቀመጡ። የፓምፑን ጎማ ተቀበሉኝ፤ ከላይ አላዩትም። እንደ ጫማ ሶል አጠፉና ጎኑን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አሉት። በክርና በክር መካከል ጥቁር መስመር እንደ ከንፈር ተከፈተ።

"ጎማ ከላይ አይታይ፤ ከጎኑ ነው የሚታይ" አሉ። "ይኼ ድርብርብ ነው። ውሃና ዘይት በተቆረጠበት ይገባና ከውስጥ ያላቅቀዋል፤ ላዩ ደህና ነው። በረባሶ የተጫማ ሰው ሲዘል በጉልበቱ ይቀበላል። ብረት ጉልበት የለው።"

እንግዲያው ጠንከር ያለውን ይምረጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቆርጬ ብሰጥህ ትወስዳለህ። ሰውየው ቢሰምጥ ግን ቢላዋው የኔ ነው።"

ከውጫሌ ባዶ እጄን ተመለስኩ። መኪናው የቆመባቸው ፌርማታዎች ሁሉ፣ እኔን ለማናደድ የተተከሉ ይመስሉ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ፣ ሐይቁ ዳር

ሰይድ ከልብሱ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆሞ ጠበቀኝ። ፈገግታው ከሩቅ ያስፈራል።

"ሰባት ጊዜ ዘለልኩ" አለኝ። "ና መስመርህን እይ።"

ቃሉን አፍርሷል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስምንቱም ቀይ መስመሮች እንዳሰመርኳቸው ናቸው፤ አንዱም ፀጉር ታህል አልተዛነፈም። ሰይድ በእልልታ ሊሸኘኝ ትንሽ ነው የቀረው። እኔም ለአፍታ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቤቴ ብሄድ ማንም አይወቅሰኝም ነበር።

ግን የሽማግሌው ጥፍር ታወሰኝ። ወፍራም እንጨት ፈልጌ ከሞተሩ ጠርዝ ሥር አስገባሁና ወደ ላይ ገፋሁ። ቡሎኖቹ አልተነቃነቁም። ሞተሩ ግን ተነሳ፤ አውራ ጣት የሚያስገባ ያህል። በስተኋላ በግራ በኩል ያለው ጎማ ከጎኑ አፉን ከፈተ። የጠበቀው ቡሎን የላይኛውን ግማሽ ይዟል፤ የታችኛው ግማሽ ለብቻው ቀርቷል። ከሞተሩ ሥር ያለው ፋይበርም ተፍቆ ነጥቷል።

ሰይድ እንጨቱን ከእጄ ተቀብሎ እሱም ገፋ። ደግሞ ገፋ።

"ጋሼ፣ ስምንተኛውን ብዘልስ?"

ሳይመሽ አራቱንም ፈተን አወጣናቸው፤ ሁለቱ እንደ ፓምፑ ጎማ ተላቅቀዋል። ያን ሌሊት በሰይድ ቤት ተኝቼ አደርኩ ይባላል እንጂ፣ ጣሪያውን ስቆጥር ነው ያደርኩት። የቀረው ችግር ከጎማው ይከብድ ነበር፤ የሠርገኛው ጉዳይ።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ መጡ። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ ስልኩን ወደ ውሃው የደገነው ሰው ብዛት፣ ሐይቁ ራሱ የሚሰምጥ ነው የሚመስለው። "ሰይዶ ዝለል!" ይላሉ። ሰይድ አጠገቤ ቆሟል።

"አንተ ንገራቸው" አለኝ ቀስ ብሎ። "እኔ ካልኩ ፈራ ይሉኛል።"

ድንጋይ ላይ ወጣሁ። "ሰይድ አልፈራም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሞተሩ የተቀመጠበትን ጎማ አበላሽቼ የሠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ቢዘል ሊሰምጥ ይችላል።"

ሳቁ ከተራራው ተመልሶ መጣ። አንዱ ሚዜ "አዞው በላው በልና ጨርሰው፣ ጋሽ ይማም!" አለኝ። በሕይወቴ ያሳቅኩት ሰው ሁሉ በአንድ ላይ የመጣ መሰለኝ። ወርጄ ሰዎቹን ጥሼ ጀማል ዘንድ ደረስኩና የግራውን ጎማ እጁ ላይ አስቀመጥኩ። ሙሽራው በሁለት ጣቱ ያዘው። እንደ ሙዝ ልጣጭ ተከፈተ።

ከበሮው ዝም አለ። ጀማል ግማሹን በአንድ እጁ፣ ግማሹን በሌላው ይዞ ሰይድን አየው።

"ዛሬ የመጣነው ለሠርግ ነው፤ ለለቅሶ አይደለም" አለ። "ሰይዶ፣ ና ፎቶ እንነሳ።"

ጄት ስኪዋን አሸዋው ላይ ጎትተን አቆምናት። ሙሽሪት ቬሏን ሰብስባ ወጣችባትና መሪዋን ጨበጠች። ሚዜዎቹ ጄት ስኪዋን ከኋላ ይዘው፣ የምትዘል እንድትመስል ፊቷን ወደ ላይ አነሱት። ሰይድ እንደ ባለሙያ ጉልበቷን አጠፍ እንድታደርግ ሲያስተምራት ሰማሁት።

ወደ ቤት

እሑድ ጠዋት ደሴ ገባሁ። ትክክለኛዎቹ ሱፖርቶች ታዘዋል፤ እስኪመጡ ጄት ስኪዋ በሸራ ተሸፍና ትቀመጣለች። ሲመጡም ሰይድ የሚገጥማቸው በሦስት ነገር ተስማምተን ነው፤ ዘሎ ውሃው ላይ ከማረፉ በፊት ነዳጅ መስጫውን ይለቃል፣ በዘለለበት ቀን ሁሉ መጨረሻ ላይ መክደኛውን ከፍቶ ሞተሩን በእንጨት ይገፋል፣ ጎማውን ከጎኑ ያያል። ቀይ መስመር የሚመሰክረው ስለ ቡሎኑ ብቻ ነው። እኔም እስከዛሬ የኖርኩት እንደዚያ መስመር ነበር፤ ላዬ ቀጥ ያለ። ከእንግዲህ ጋራዤ መጥቶ "ይኼ ይይዛል?" ለሚለኝ ሰው "ከፍተን እንይ" እለዋለሁ።

ለዘሀራ የሆነውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ስጨርስ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች።

"ወባ ያዘህ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። የጥፍር ቀለምሽንም ሰርቄሽ ነው የሄድኩት፤ ግማሹ አልቋል።"

"ይኼ እንኳ ቀልድ ነው" አለችኝ። ግን ተነስታ የጥፍር ቀለሟን የምታኖርበትን መሳቢያ ከፈተች።