የአፎቻው ደብዳቤ

ወደ ሐረር የተመደብኩት የኮምፒውተር አስተማሪ ሆኜ ነው። ከጎጃም መጥቼ ኤረር በር አጠገብ፣ በአሮጌው ከተማ ግንብ ውስጥ፣ አንዲት ሐረሪ ባልቴት ቤት ክፍል ተከራየሁ። ሰባን ያለፉ ናቸው፤ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። አንድ ወንድ ልጃቸው ጂዳ ይኖራል።

የሞባይል ኢንተርኔት ከተማውን ባዳረሰበት ሰሞን፣ አይተዋት የማያውቋትን የልጅ ልጃቸውን በስልኬ አሳየኋቸው። ሕፃኗ እጇን ስታወናጭፍ «ሱብሃነላህ!» አሉና ስልኩን እንደ ሞላ ስኒ በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ወዲያ ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ መተያየት ልማድ ሆነ። ስለ ኔትወርክ ስንት ዓመት ሳስተምር የኖርኩት እኔ፣ ነገሩ ምን ያህል ተአምር እንደሆነ የገባኝ የሳቸውን ፊት ሳይ ነው።

አንድ ጁምዓ ኢንተርኔቱ የለም። በማግሥቱም የለም። ሳምንት አለፈ።

«ተበላሽቶ ነው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ተዘግቶ ነው።»

«ማን ዘጋው?»

«የበላይ አካል።»

«ማንን ጠይቀው?»

አስተማሪዎቹም ተማሪዎቹም መቼ ይከፈታል እያልን እንጠያየቅ ነበር እንጂ ይህን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

በማግሥቱ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወደሚገኘው የቴሌ ቢሮ ይዘውኝ ሄዱ። ሠራተኛው ትሑት ጎልማሳ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። «እኛም እንደ እርስዎ በድንገት ነው ያወቅነው» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ውጭ አገር ያለች እህቴን ካየኋት ቆየሁ» አላቸው። እማማ አልተቆጡትም። «አላህ ያገናኛችሁ» ብለውት ወጣን።

መንገድ ላይ፣ «ዓለም ላይስ ኢንተርኔቱን የሚመራው ማነው?» አሉኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ደንቡ የሚወጣው ሩቅ አገር በሚደረግ ስብሰባ እንደሆነ፣ ማንም መግባት ይችላል እንደሚባል፣ የሚገባው ግን ቋንቋውን የሚያውቅና የአውሮፕላን መሳፈሪያ ያለው እንደሆነ።

«ከሐረር ማን ሄዶ ያውቃል?»

«እኔ እስከማውቀው ማንም።»

ቆም አሉ። «እኛ አፎቻ ውስጥ ድስት እንኳ የሚገዛው ሁሉም ከተናገረ በኋላ ነው» አሉ።

አፎቻ በሰርግና በሀዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ያን እሑድ የሴቶቹ አፎቻ እማማ ቤት ተሰበሰበ። ወደ ሃያ ሴቶች በቀይ በተቀባው መደብ ላይ በየዕድሜያቸው ተቀመጡ። እኔ፣ ለምን ሳንጠየቅ ተዘጋ ብለው ለቢሮው የሚልኩትን ደብዳቤ እንድጽፍ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ በሩ ጋ ሆንኩ። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ሴት ደንበኞቿ ዕቃውን የሚያዩት በስልክ ፎቶ እንደነበር ተናገረች። ሌላዋ፣ «ልጄ የፈተና ውጤቷን ማየት አቅቷት እንቅልፍ አጣች» አለች። አንዲት አሮጊት፣ «የሚያሰጋ ነገር ካለ ይንገሩን፤ ይገባናል እኮ» አሉ። አንዷ ግን ተቃወመች። «መንግሥት የሚያውቀው ነገር ይኖራል፣ እኛ ምን አገባን?» አለች። ጉምጉምታ ተነሣ።

እማማ እጃቸውን አነሡ። «ጨርሰሽ ተናገሪ» አሏት። ስትጨርስ ወደኔ ዞረው፣ «የሷም ይጻፍ» አሉኝ።

ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች፣ ኢንተርኔት ከምን እንደተሠራ የማያውቁ፣ የተቃወመቻቸውን ሴት ቃል ሳይቀር በደብዳቤያቸው ሲያስገቡ እያየሁ ቃሏን አንድም ሳላጎድል ጻፍኩ። ስጨርስ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ አሳረሙኝ፤ ከዚያ ተራ በተራ አውራ ጣታቸውን አተሙ። የተቃወመችውም አተመች።

ደብዳቤውን ወደ ቢሮው ስንወስድ ያው ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አንብቦ ቅጂው ላይ ማኅተም አደረገልን። «እንዲህ ያለ ነገር መጥቶልን አያውቅም» አለ።

ኢንተርኔቱ ከሳምንታት በኋላ ሳይነገረን ተመለሰ። ሕፃኗ በዚያ መሀል ሁለት ጥርስ አብቅላለች፤ እማማ እያለቀሱ ሳቁ። የደብዳቤው መልስ ግን አልመጣም። በሚቀጥለው ስብሰባ ሴቶቹ መልሱን ሄደው የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች መረጡ፦ ቅመም ሻጯንና ያችን የተቃወመችውን ሴት።