አጎቴ ፍሬን የረገጡበት እሑድ

ትናንት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ተቀምጬ መኪናዬን ስጠብቅ፣ ከውስጥ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ሽታ መጣብኝ። ጣፈጥ የሚል፣ ግን ጉሮሮ የሚከረክር፣ ከሌላ ዘይት ጋር ፈጽሞ የማይምታታ ሽታ ነው። እግሬ ከዚያው ሳይነቃነቅ ልቤ ወደ ጀሞ፣ ወደ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ፣ እናቴ በቀሚሷ ላይ የአባቴን ቱታ ደርባ ከቮልስ መኪናችን ሥር ወደተኛችበት እሑድ ሄደ።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነበር። የተወልን ንብረት ያ አሮጌ ቮልስ ነው፤ ቀለሙ በፀሐይ ደብዝዞ ክሬም ይሁን ግራጫ ለመለየት የሚያስቸግር፣ ሞተሩ ውኃ የማይጠይቅ፣ በዚህም ምክንያት ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎካችን «ከሁላችንም የተሻለ ጎረቤት» እየተባለ የሚወደስ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ በላቸው ግን ይሸጥ ባይ ነበሩ። ሴት ብቻዋን በዚህ አሮጌ ብረት ምን ታደርጋለች ሲሉ ክፋት አልነበረባቸውም፣ ፍርሃት እንጂ፤ ሆኖም በዚሁ ጉዳይ ከእናቴ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል መለዋወጥ ትተው ነበር። የእናቴ አቋም አጭር ነው፦ የዓመቱን ምርመራ ካለፈ አይሸጥም፤ ከወደቀ ይሸጥ። ምርመራው ሰኞ ሲሆን፣ ፍሬኑ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ይሰምጥ ነበር።

እናቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። የመኪና ሥራ የምታውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ለአባቴ መፍቻ እያቀበለች የለመደችውን ያህል ነው። ያንኑ ይዛ መኪናውን በክሪክ አነሣች፣ ጎማውን ፈታች፣ ያረጀውን የፍሬን ቱቦ ለወጠች። የቀራት ወደ ፍሬኑ መስመር የገባውን አየር ማስወጣት ነበር፤ ይህ ግን አንዱ ከላይ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ከታች የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ከፍቶ ካልዘጋ የማይሆን የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ እግሬ ፔዳሉ ላይ አይደርስም።

ጋሼ በላቸው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ደላላ አስከትለው የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ እንኳን መጡ። ይግቡና ፍሬኑን ይርገጡልኝ» አለች እናቴ ከሥር።

«እኔ? ላስሸጠው መጥቼ?»

«የሚገዛውስ ሰው ፍሬን አያስፈልገውም?»

ደላላው ሳቀ። «ይግቡ እንጂ አባባ፣ ምን ይጎዳዎታል?»

ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ።

«ይርገጡ! ይያዙ! አሁን ይልቀቁ! ገና አረፋ አለው፤ ይድገሙ!»

አንድ ጊዜ እግራቸው ቀድሞ ተነሣና፣ የወጣው አየር ሁሉ ተመልሶ ገባ።

«ገና አልዘጋሁም! ማን ልቀቅ አለህ?» አለች እናቴ፤ አንቱታው ከአፏ ማምለጡን እንኳ አላስተዋለችም።

«እሺ፣ አትቆጪ። ከመጀመሪያው እንጀምር» አሉ ባለ ነጠላው ሽማግሌ፣ አስተማሪው ፊት እንደቆመ ተማሪ።

እንደገና ጀመሩ። ፀሐዩ ከረረ፣ ነጠላው ከትከሻቸው ወርዶ የኋላ ወንበር ላይ ተጣለ፣ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። በመጨረሻ አጎቴ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው እናቴን በስሟ እየጠሩ ጮኹ፦

«ጠጠረ! አልማዝ፣ ፔዳሉ ጠጠረ እኮ!»

ደላላው ሁለቱን አየት አድርጎ፣ «እዚህ ቤት የሚሸጥ ነገር የለም» ብሎ ሄደ። መልሶ የጠራው አልነበረም።

ሰኞ ቮልሱ ምርመራውን አለፈ። እናቴ እየነዳች፣ ጋሼ በላቸው ከጎኗ ተቀምጠው በየትራፊክ መብራቱ ባዶውን ወለል እንደ ፍሬን እየረገጡ አብረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስለ መሸጥ ያነሣ የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ መለዋወጫው ከገበያ ሲጠፋ እናቴ በገዛ ፈቃዷ ሸጠችው፤ ያኔ አጎቴ በሕይወት አልነበሩም።

የዛሬዋ መኪናዬ ስትታመም አንድ ወጣት ኮምፒውተር ይሰካባትና ሕመሟን ከስክሪኑ ላይ ያነብባል። የፍሬኑንም አየር በማሽን ብቻውን ያስወጣል፤ «ና እርገጥልኝ» ብሎ የሚጠራው ሰው የለም። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ማንም ከማንም ሳይታረቅበት።