የእናቴ ጌም ቤትና የዘገየው ሐጅ

ዶርማችን ውስጥ ከእኔ አልጋ በላይ የምትተኛው ልጅ ከክላስ ስትመለስ በስልኳ ኳስ ትጫወታለች። ማዳመጫዋን የረሳች ቀን የስታዲየሙ ሕዝብ «ሆ!» እያለ ወደ እኔ ይወርዳል፤ እኔም የማነበውን አጥፌ፣ ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ፣ ሰበታ ጅማ መንገድ ዳር ወዳለው ቤታችን እመለሳለሁ። እኛ ቤት ያ ስታዲየም የሚገኘው ከአንድ አበባማ መጋረጃ ጀርባ ነበር። ከመጋረጃው ወዲህ እኔ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሰፈሩ ወንዶች ጎል አግብተው ወንበር ላይ ይዘሉ ነበር።

የጌም ቤቱ ባለቤት እናቴ ዘይነባ ነበረች። አባቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ እሷ ግን የመንገድ ዳሯን ክፍል ለተከራይ ከመስጠት ይልቅ፣ ታላቅ ወንድሜ ነስሩ ሲወተውታት ጊዜ፣ ሁለት ቲቪና ሁለት ማሽን ገዝታ ሥራ ጀመረች። ዘመዶቻችን «ዘይነባ በዚህ ዕድሜዋ ጌም ቤት!» እያሉ ሲስቁባት፣ «የሰፈሩ ልጅ መጮኹ ካልቀረ እኔ አጠገብ ይጩህ» ትላቸው ነበር። ዩኒፎርም ለብሶ በትምህርት ሰዓት የመጣውን ከበር ትመልሰዋለች። የተሳደበውን ጆይስቲኩን ቀምታ ታስወጣዋለች። አዛን ሲል የሁለቱም ቲቪ ድምፅ ይጠፋል፤ ይህን ክርስቲያኖቹም ልጆች ስለለመዱት፣ ከእሷ ቀድመው ሪሞቱን የሚያነሱት እነሱ ነበሩ። የተሸነፈ ይከፍላል የሚለው ደንብ እሷም ቤት ይሠራ ነበር፤ ሆኖም ጎረምሳ ከሕፃን ጋር ሲቀመጥ ካየች፣ «አንተ! እኩያህን ፈልግ፣ የዚህን ዳቦ መብላት አማረህ?» ብላ አስነስታ ሌላ ታቀናጅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ቤቱ ጢም ይል ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ በሩ ላይ በጭቃ የተለወሰ ጫማ ተቆልሎ፣ ልጆቹ በካልሲ ተኮልኩለው፣ መብራት እንዳይጠፋ እየለመኑ ይውሉ ነበር። እናቴ የጌም ቤቱን ገቢ ከአባቴ ገንዘብ ጋር ሳትቀላቅል፣ በራሷ ስም ከወለድ ነፃ ሂሳብ ከፍታ ታስቀምጠው ነበር። ለሐጅ ነበር። አባቴ «እኔ እያለሁ?» ሲላት፣ «ለሌላው ሁሉ አለህልኝ፤ ለዚህ ግን በላቤ ነው የምሄደው» ትለው ነበር። ሐጅ የምትለውን ቃል ስታነሳ ድምፅዋ ዝቅ ይል እንደነበር እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ገንዘቡ የሞላው እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ብርድ በጠናበት በኅዳር ወር ነው። እኛ ዘንድ ወደ ሐጅ የሚነሳ ሰው ጎረቤቱንና የሠራበትን ሰው ሁሉ ዞሮ አፉታ ይጠይቃል፣ ማለትም ይቅር እንዲሉት ይለምናል፤ የሰው ሐቅ ካለበትም ይመልሳል፤ ምክንያቱም የሰውን ሐቅ ባለቤቱ ካልማረ ማንም አይምረውም ይባላል። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው ጉዞው ሲቃረብ ነው። እናቴ ግን ምዝገባው ገና ሳይጀመር ዞረች። በርበሬ ሻጯንም፣ ልብስ ሰፊውንም ጨርሳ በመጨረሻ ወደ ራሷ ደንበኞች መጣች።

ሁለቱንም ቲቪ አስጠፍታ መሐል ቆመች። «ልጆች፣ ሰዓት አጉድዬባችሁ፣ ያለ ጥፋታችሁ ተቆጥቻችሁ ከሆነ አፉ በሉኝ» አለች። ልጆቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። አንዱ «አፉ ብለናል ማዘር» ሲል ሌሎቹም ተከተሉ። ያኔ ቶሎሳ፣ ከተፍኪ መጥቶ ሰበታ አጎቱ ቤት እየኖረ የሚማር፣ አፉ የማያርፍ ልጅ፣ ከኋላ ወንበር እየሳቀ ተናገረ።

«ማዘር፣ እኛስ እሺ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ግን ማን አፉ ሊልዎት ነው?»

«ምን አደረግኳቸው?»

«ኮፒ ነዋ! ክራክ ነው እኮ፣ ሁሉም። አንዱም አልተከፈለበትም።»

እናቴ ወደ ነስሩ ዞረች። እሷ ማሽኖቹን ስትገዛ ጌሞቹም አብረው የተገዙ መስሏት ኖሯል፤ ላም የገዛ ሰው ጥጃዋንም ይዞ እንደሚሄደው። ነስሩ መሬት መሬት እያየ፣ ጌሞቹን አዲስ አበባ አንድ ሰው በሃርድ ዲስክ ገልብጦ እንደሚጭንለት፣ ጌም ቤት ያለው ሁሉም እንዲሁ እንደሚያደርግ ነገራት። «እማ፣ ልክፈል ብትዪ እንኳ እዚህ አገር የሚሸጥልሽ የለም፤ በእኛ ባንክ ካርድ አይቀበሉም። እነሱ እኮ እኛ መኖራችንንም አያውቁም።»

«እኔ ግን መኖራቸውን አሁን አወቅኩ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ለብዙ ቀናት በዚህ ክርክር ተጠመደ። ሐጅ የምትሄድበት ገንዘብ በሙሉ ከእነዚያ ጌሞች የተገኘ ነበርና፣ ነገሩ ለእናቴ ቀልድ አልነበረም። አባቴ «ለቢሊየነር ዘካ ልትሰጪ ነው?» እያለ ሊያስቃት ሞከረ። «ዘካ ቢሆን ለደሃ እሰጠው ነበር፤ ይሄ ሐቅ ነው፣ ሐቅ ሀብታም ደሃ አይልም» አለችው። የመስጂዳችንን ሼህ ስትጠይቅ ደግሞ፣ ባለቤቱ ከተገኘ እንድትመልስ፣ ካልተገኘ በስሙ ለድሆች ሶደቃ ብትሰጥ እንደሚበቃ ነገሯት። እኛ ተገላገልን ብለን ስንደሰት፣ እሷ ነጠላዋን እያጠፈች፣ «ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር የሠሪው ስም ቲቪው ላይ ይወጣል። እንዴት ብዬ ነው ባለቤቱ ጠፋ የምለው?» አለች።

በዚያው ሳምንት የቶሎሳን አባት አፉታ ልትጠይቅ ወደ ተፍኪ ይዛኝ ሄደች። ልጃቸው ስንት ጊዜውን እሷ ቤት እንዳሳለፈ ታውቅ ነበርና። አባቱ ኦቦ ደቻሳ ከመንገዱ ዳር የሽምብራ ማሳቸው ላይ ነበሩ። «አካም ጅርቱ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው «ነጋ፣ ገለተ ዋቃ» ብለው ፈጣሪን አመሰገኑና፣ ልጄን አበላሸሽ በማለት ፈንታ፣ «አንቺ ቤት እያለ መጠጥ ቤት አልሄደም፤ ምን ብዬ ነው ይቅር የምልሽ?» ብለው ሳቁባት። እያወራን ሳለ ሁለት መንገደኞች ከመንገዱ ወረድ ብለው፣ አረንጓዴውን ሽምብራ ነቅለው፣ እሸቱን እየፈለፈሉ እየበሉ አለፉ። ኦቦ ደቻሳ ቀና ብለውም አላዩዋቸው።

እናቴ «ዝም ይሏቸዋል?» አለች።

«እሸት ነዋ! መንገደኛ ርቦት ቢበላ ሌባ አይባልም፣ ያባቶቻችን ወግ ነው። በስልቻ ሞልቶ ገበያ ሊሸጥ ከወሰደ ግን ያን ጊዜ በዱላ ነው የምንነጋገረው።»

እናቴ ወደ ሰበታ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እጄን ይዛ፣ ለእኔም ለራሷም እንደምትናገር ሆና፣ «ልጆቹ እሸት ነው የበሉት፤ ስልቻ ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ያን ዓመት ለሐጅ አልተመዘገበችም።

ከጥር ጀምሮ ቤታችን ያልለመደው ሥራ ተጀመረ። ዱባይ የምትሠራው አክስቴ ሰሚራ ካርድ ስለነበራት፣ እናቴ በዘመድ በኩል ገንዘብ እየላከችላት፣ እሷ ኦርጅናሉን ዲስክ እየገዛች፣ ወደ አገር በሚመጣ ሰው ሻንጣ ትልክ ነበር። እናቴ ነስሩን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ልጆቹ ያዘወተሩትን ጌም አንድ በአንድ አስቆጠረችው። «ይሄን ተይው እማ፣ አርጅቷል፣ አሁን የሚጫወተው የለም» ሲላት፣ «ያኔ ተጫውተውበታል አይደል?» ትለውና ቆጠራውን ታስቀጥለው ነበር። የመጀመሪያው ዲስክ የመጣ ዕለት ነስሩ ስስ ላስቲኩን በጥፍሩ ቀስ ብሎ ሲቀድደው፣ ልጆቹ ተጠጋግተው፣ ማኅደሩን እየተቀባበሉ አሸተቱት። ቶሎሳ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ከተቀበለ በኋላ፣ «ሙሽራ ነው እንዴ የምንቀበለው?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ሳቁ ግን አልቆየም። እናቴ ያልተከፈለባቸውን በሙሉ ከማሽኑ ስላስጠፋች፣ በክረምቱ ልጆቹ ገበያ በር ላይ አዲስ ወደተከፈተው፣ ሁሉ ነገር ወዳለበት ጌም ቤት ሄዱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በራችን ላይ አራት አምስት ጫማ ብቻ ይታይ ነበር። ነስሩ አኩርፎ ስንት ቀን ሳያናግራት ሰነበተ። የሐጅ ሂሳቧ በየዲስኩ እየጎደለ ሲሄድ አያለሁ፣ ጎረቤታችን ከመካ ተመልሳ «ሐጂያ፣ ሐጂያ» ስትባል እሰማለሁ፤ በእናቴ ፈንታ እኔ እቀና ነበር። እሷ ግን ከአራቱ ልጆች ጋር ተቀምጣ፣ ጆይስቲኩን ገልብጣ ይዛ፣ በገዛ በሯ ላይ ጎል እያስቆጠረች ታስቃቸው ነበር።

ልጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ሁሉም አይደሉም። አንዳንዶቹን የመለሳቸው ገበያ በር ያለው ቤት ትልልቆቹ ትንንሾቹን የሚያስከፍሉበት መሆኑ ነው። ኦርጅናል ስለሆነ ብሎ የመጣ ልጅ እስከማውቀው አንድም አልነበረም፤ ይህንንም እናቴ ታውቅ ነበር፣ ቅርም አላላትም። የመጨረሻው ዲስክ መጥቶ፣ ሂሳቧ እንደገና ከባዶ ተነስቶ እስኪሞላ ድረስ ሦስት ዓመት ወሰደ። ከዚያ በአንድ የሰኔ ጠዋት ነጭ ልብሷን ለብሳ ከአባቴ ጋር ወደ ኤርፖርት ስትሄድ፣ መኪናው ከተነሳ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ነስሩን፣ «አዛን ሲል ድምፁን!» ብላ ጮኸችበት።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጓደኞቼ ስለ ክራክ ሲከራከሩ የምሰማው ያኔ ቤታችን የተባለውን ነው፤ ኩባንያው ሀብታም ነው፣ ካርድ የለንም፣ ሁሉም ያደርገዋል። እኔም የሚከፍልበት የሌለው ተማሪ በስልኩ ቢጫወት አልፈርድበትም፤ እናቴም አልፈረደችም። ድሮ ትምህርት ቤት ስጠየቅ «እናቴ ሱቅ አላት» እል ነበር፤ አሁን «እናቴ ጌም ቤት ያላት ሐጂያ ናት» ብዬ ሳቃቸው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ሰዎች መካ እንዴት ነበር ሲሏት እሷ ስለ ሙቀቱና ስለ ሕዝቡ ብዛት ጥቂት ታወራና፣ «ልቤ ቀልሎ ነው የሄድኩት» ብላ ታቆማለች። ልጅ ሳለሁ እነዚያ ሦስት ዓመታት ከእናቴ ላይ የተወሰዱ ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ፣ ለሁሉም ነገር የምቸኩል ተማሪ ሆኜ ሳስበው፣ መሄድ እየቻለች የቆየችባቸው ዓመታት የሐጇ የመጀመሪያ ክፍል ይመስሉኛል።